የነፍሳትን ስፐርም ለማየት የትኛው ማይክሮስኮፕ ይገዛ? ፌዝ ኮንትራስት፣ ፍሎረሰንስና ኤሌክትሮን ሲነጻጸሩ

የድሮዞፊላ ሜላኖጋስተርና የድሮዞፊላ ሲሙላንስ (ሁለት የፍራፍሬ ዝንብ ዝርያዎች) ሴቶች በመልክ ባለሙያንም ያደናግራሉ። የወንዶቹ ስፐርም ግን በርዝመት ይለያል፤ የመጀመሪያው 1.9 ሚሊ ሜትር፣ የሁለተኛው 1.1 ገደማ ነው። ይህን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያሻም።

ፌዝ ኮንትራስት (ግልጽ ነገርን ያለ ቀለም አጉልቶ የሚያሳይ)፦ ለርዝመት ይኸው ይበቃል። ቀለም ያልነካው ስፐርም በተራ ማይክሮስኮፕ በጭንቅ ነው የሚታየው። ከመግዛትዎ በፊት የኮንደንሰሩ (ከናሙናው ሥር ብርሃኑን የሚሰበስበው ክፍል) ቀለበት ከእያንዳንዱ ሌንስ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ፤ ካልገጠመ ምስሉ ግራጫ ጭጋግ ይሆናል። 20× እና 40× ሌንስ፣ ካሜራ፣ በ100 የተከፈለ የ1 ሚሊ ሜትር መለኪያ ስላይድ ይጨምሩ። የወንዱን የዘር ማከማቻ ከረጢት በፒቢኤስ (ጨውነቱ ለሴል የተመጣጠነ ፈሳሽ) ውስጥ ይቅደዱ። በተራ ውሃ ከቀደዱት ጅራቱ ያብጥና ይጠቀለላል፤ ልኬቱም ያጥራል።

ፍሎረሰንስ፦ የድሮዞፊላ ስፐርም ራስ ቀጭን ስለሆነ በፌዝ የት እንደሚያበቃ አይለይም። ዳፒ የተባለው ቀለም ዲኤንኤውን ሰማያዊ ያበራዋል፤ ያኔ የራስ ክፍሉን ርዝመት ለብቻው መለካት ይቻላል። ገዢዎች የሚሳሳቱት መብራቱ ላይ ነው፦ ርካሹ የ470 ናኖ ሜትር ኤልኢዲ ዳፒን አያበራም፣ የ365 ወይም የ385 መሆን አለበት። የሜርኩሪ መብራት ይሠራል፤ ነገር ግን ከ200 እስከ 300 ሰዓት ድረስ አገልግሎ ይቀየራል። እኛ ኤልኢዲውን እንመርጣለን።

ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ፦ የጅራቱ ቱቦዎች ውፍረት 25 ናኖ ሜትር ነው፤ ተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ደግሞ ከ200 በታች አይለይም። ስለዚህ የውስጡን አቀማመጥ ለማየት የሚመረጠው ይኸው ነው። ሆኖም 9+9+2 የሚባለው የቱቦዎቹ አደራደር (ከውጭ 9 ነጠላ፣ ቀጥሎ 9 ጥንድ፣ መሃል 2) በአብዛኞቹ ነፍሳት አንድ ነው፤ ትንኞች 9+9+1 ስላላቸው ከሌሎቹ ይለያሉ እንጂ ሁለት ቅርብ ዝርያዎችን በዚህ መለየት ዘበት ነው። ለቅርብ ዘመዶች የሚጠቅመው በጅራቱ ውስጥ ያሉት የሁለቱ ሚቶኮንድሪያዊ አካላት (ከሴሉ ኃይል አመንጪ ክፍሎች የተሠሩ) ቅርጽና እኩል መሆን አለመሆን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አካላቱ ወደ ጅራቱ ጫፍ ሲደርሱ ይቀጥናሉ፣ የአንዱን ዝርያ መካከል ከሌላው ጫፍ ጋር ካነጻጸሩ የሌለ ልዩነት ያገኛሉ። መሣሪያውን አይግዙ፤ ናሙናውን በ2.5% ግሉታራልዴሃይድ (ናሙናው ቅርጹን እንዲጠብቅ የሚያደርግ ኬሚካል) አስቀምጠው፣ ከ60 እስከ 70 ናኖ ሜትር ውፍረት አሳስቶ የሚቆርጥ ላቦራቶሪ በክፍያ ያሠሩ።

ርዝመት ብቻውን ዝምድና አይነግርም። ድሮዞፊላ ሃይዳይና ድሮዞፊላ ባይፈርካ ቅርብ ዘመዶች ሆነው ሳለ የአንዱ ስፐርም 23፣ የሌላው 58 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በጀትዎ ለአንድ ብቻ ከሆነ ፌዝ ኮንትራስቱን ይግዙ፤ ግን ፍሎረሰንስ ኋላ የሚገጠምበት ቦታ ያለውን ይምረጡ።