የኤልኤች ስትሪፕ ፒሲኦኤስ ላለባት ሴት፦ ምን ታሳያለች፣ የት ታሳስታለች?

ከለገጣፎ እስከ ገላን፣ ከቡራዩ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ ለማወቅ መድኃኒት ቤት ገብታ «የኦቩሌሽን ስትሪፕ ስጡኝ» ያለች ሴት የእርግዝና መመርመሪያ ተሰጥቷት ልትወጣ ትችላለች። ሁለቱም ቀጫጭን ናቸው፣ ሁለቱም ሽንት ውስጥ ይነከራሉ፣ እሽጋቸውም ይመሳሰላል። ስለዚህ ከፍለሽ ከመውጣትሽ በፊት እሽጉ ላይ የተጻፈውን አንብቢ፦ ኤልኤች (LH) ካለ የእንቁላል፣ የእርግዝና ሆርሞን የሆነው ኤችሲጂ (hCG) ካለ የእርግዝና ነው። የመያዣውን ቀለም አትመኚ፤ አንዱ አምራች አረንጓዴ ያደረገውን ሌላው ሰማያዊ ያደርገዋል።

እዚህ የምንገመግመው ርካሿን የኤልኤች ስትሪፕ ነው፤ ያውም ፒሲኦኤስ፣ ማለትም እንቁላል በወቅቱ እንዳይወጣ የሚያደርግ የሆርሞን መዛባት፣ ኖሮባት ለማርገዝ ለምትሞክር ሴት። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ብቻዋን አትታመንም። ከአንድ የደም ምርመራ ጋር ስትሆን ግን ዘመድ ከውጭ ከሚልከው ውድ ዲጂታል መመርመሪያ ይልቅ ትጠቅማለች።

ኤልኤች አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ የሚመነጭ ሆርሞን ነው። ወር አበባዋ ሳይዛነፍ በሚመጣ ሴት ዝቅ ብሎ ይቆይና አንድ ጊዜ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ እንቁላሉ ይወጣል። ስትሪፗ የምትይዘው ያንን ጭማሪ ነው። ፒሲኦኤስ ባለባት ሴት ግን ኤልኤች ከመነሻውም ከፍ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ሰውነት እንቁላል ሊያወጣ ይሞክራል፣ ይከሽፍበታል፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና ይሞክራል። ወር አበባ ከጀመረ በ12ኛው ቀን የደመቀችው መስመር በ19ኛው፣ ከዚያም በ27ኛው ቀን ትደምቃለች። ስትሪፗ አልዋሸችም፤ ሆርሞኑ ከፍ ብሏል። እንቁላሉ መውጣቱን ግን ከቶም አላየችም።

ዲጂታሎቹ እዚህ ላይ ይብሳሉ። ከዲጂታሎቹ አንዱ የሆነው ክሊርብሉ ራሱ በመመሪያ ወረቀቱ ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች የተሳሳተ ውጤት ሊያገኙ እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል። ፈገግ ያለ ፊት ከማሳየት በቀር መስመሩ ትናንት ምን ያህል ደምቆ እንደነበር አይነግርሽም። በርካሿ ግን በዓይንሽ ታወዳድሪያለሽ፤ ለዚህ ችግር የሚያስፈልገው ደግሞ ማወዳደሩ ነው።

አጠቃቀሟ ቀላል ይመስላል፣ የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው። ሽንቱን የምትወስጂው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ኤልኤች በአብዛኛው ማለዳ ደም ውስጥ ይጨምርና ሽንት ውስጥ የሚታየው ሰዓታት ቆይቶ ስለሆነ የንጋቱ ሽንት ሊያመልጠው ይችላል። ከዚያ በፊት ለ2 ሰዓት ያህል ብዙ ፈሳሽ አትጠጪ። ጎረቤት ቡና ከጠራችሽ ምርመራው ከአቦል በፊት ይሁን፤ ሦስት ስኒ ቡናና በላዩ ውሃ ተጠጥቶ የተወሰደ ሽንት ቀጥኖ መስመሩን ያደበዝዘዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ኩባያው በደንብ ሳይታጠብ ይቀራል፤ የሳሙና ቅሪትም ውጤት ስለሚያበላሽ ንጹሕና ደረቅ የሆነች የላስቲክ ኩባያ ለዚሁ ብቻ ለዪ።

ስትሪፗን ቀስቱ እስከሚያመለክተው መስመር ብቻ ንከሪ። መመሪያው ሌላ ካላለ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይበቃል። መስመሩን ካለፈ ሽንቱ ንባብ መስኮቱ ላይ ይፈስና ቀለሙ ይዝረከረካል። አግድመሽ አስቀምጪ፣ በ5 ደቂቃ አንብቢ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ የመጣውን ግን አትቁጠሪው። በእርግዝና ምርመራ ደብዛዛ መስመርም መስመር ነው። በኤልኤች ግን እንደዚያ አይደለም፦ የምርመራው መስመር ከመቆጣጠሪያው መስመር እኩል ወይም የበለጠ ካልደመቀ የኤልኤች ጭማሪው ገና የለም ማለት ነው። ይህችን ልዩነት ያልነገረ ፋርማሲስት ሥራውን ጨርሷል አንልም።

ፎቶ አንሺ፣ ወይም ስትሪፗን ቀን ጽፈሽ ደብተር ላይ በፕላስተር ለጥፊ። ሳምንት ሲሞላ የራስሽ መነሻ ድምቀት ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ፤ የምትፈልጊው ከዚያ በላይ የዘለለውን ነው። 7 ፍሬ የያዘ ፓኬት ለፒሲኦኤስ አይበቃም፤ ለአንድ የወር አበባ ዙር 25 ወይም 30 ያስፈልጋል። በ10ኛው ቀን ጀምረሽ በየሁለት ቀኑ፣ መድመቅ ስትጀምር ደግሞ ጠዋትና ማታ። እንቁላል ለማስወጣት የሚሰጡትን ክሎሚፊን ወይም ሌትሮዞል የምትወስጂ ከሆነ ከመጨረሻው ኪኒን ቢያንስ 3 ቀን ቆይተሽ ጀምሪ፤ ክሎሚፊን ራሱ ኤልኤችን ከፍ ያደርጋል።

ስለ ሌትሮዞል አንድ ነገር። መመሪያውን ገልጠሽ «የጡት ካንሰር» የሚለውን ስታነቢ አትደንግጪ፤ መድኃኒቱ ለዚያ የተመዘገበ ቢሆንም እንቁላል ለማስወጣት በዝቅተኛ መጠን ለ5 ቀን ይሰጣል። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት ፒሲኦኤስ ካላቸው 750 ሴቶች መካከል ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ፣ ክሎሚፊን ከወሰዱት 19.1 በመቶ ወልደዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ እርግዝና አለመኖሩም ሳይረጋገጥ ግን አይጀመርም።

አሁን ወደ ደም ምርመራው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ ስትሪፗ ያላየችውን የሚያየው እሱ ነው። ብዙ የሚያሳስተው «የ21ኛ ቀን ምርመራ» የሚባለው ስም ነው። 21 የተባለው ዙሯ 28 ቀን ለሆነች ሴት ነው፦ በ14ኛው ቀን ይወጣል፣ 7 ቀን ይጨመራል። ዙርሽ 42 ቀን ከሆነ እንቁላሉ የሚወጣው በ28ኛው ቀን አካባቢ ስለሆነ ትክክለኛው ቀን 35ኛው ነው። በ21ኛው ቀን ብትሰጪ ውጤቱ ዝቅ ይልና «እንቁላል አይወጣልሽም» ተብለሽ ትመለሻለሽ። ስለዚህ መስመሯ ከዘለለችበት ቀን 8 ቀን ቁጠሪና ሂጂ። ውጤቱ በሚሊ ሊትር ከ3 ናኖግራም በላይ ከሆነ እንቁላሉ ወጥቷል። መለኪያውን ደግሞ አይተሽ አንብቢ፤ በሊትር ናኖሞል የሚጽፍ ላብራቶሪ አለ፣ 3 ናኖግራም በዚያ መለኪያ 9.5 ገደማ ይሆናል። 8 ተጽፎ ስታዪ በየትኛው መለኪያ እንደሆነ ሳታውቂ እልል አትበይ።

አልትራሳውንድም አማራጭ ነው። ክሊኒኩ «ሽንትሽን ይዘሽ ነይ» ካለ የሚያየው በሆድ በኩል ነው፤ ፎሊክል (እንቁላሉን የያዘችው ትንሽ ከረጢት) በደንብ የሚለካው ግን ፊኛ ባዶ ሆኖ በብልት በኩል ሲታይ ነው። ያንን ይሠሩ እንደሆነ ታክሲ ከመሳፈርሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ። ሊወጣ የደረሰ ፎሊክል ከ18 እስከ 22 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሪፖርቱ ላይ «ብዙ ሲስት» የሚል ካየሽ ደግሞ የሚቆረጥ ነገር የለም፤ ከ2 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ሆነው የቆሙ ትንንሽ ፎሊክሎች ናቸው።

መስመሯ ስትዘል ያን ቀንና ተከታዮቹን ሁለት ቀናት አብሮ መሆን ነው። ስትሪፕ ማየት ያሰለቻቸው ጥንዶች በየሁለት ሦስት ቀኑ ከተገናኙም ብዙ አያጡም፤ የወንድ ዘር እስከ 5 ቀን ይቆያል።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ባልየው ይመርመር። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥቦ የሚሰጠው የዘር ፈሳሽ በ1 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። ከቱሉ ዲምቱ ቤት ሰጥቶ መሃል ከተማ ለማድረስ መንገዱ አይፈቅድም፤ እዚያው ላብራቶሪው ውስጥ ይስጥ። የግድ ከቤት ከሆነም ብልቃጡ በውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት ጋር ተጠግቶ ይጓዝ።

ፒሲኦኤስ ያለባት «አንድ ዓመት ሞክሪ» የሚለውን አጠቃላይ ምክር መጠበቅ የለባትም። ወር አበባ ከ90 ቀን በላይ ከቀረ ስትሪፕ መግዛቱን ትተሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ሳይረግፍ የሚወፍረው የማህፀን ግድግዳ ለራሱ አደጋ አለው። ከመንግሥት ተቋማት ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው።

ስትሪፗ ለቀናት ደምቃ አልደበዝዝ ካለችና ወር አበባም ከቀረ፣ ሌላ የኤልኤች ፓኬት አትግዢ። ኤልኤችና ኤችሲጂ በአፈጣጠር ስለሚቀራረቡ ስትሪፗ እርግዝናንም ልትቆጥር ትችላለች። ያኔ ያችን መጀመሪያ በስህተት የሰጡሽን የእርግዝና መመርመሪያ አውጥተሽ ንከሪ።