ዜሮ ብሎ ያሳሳተኝ ዲበገር፦ የአሥራ አንድ ወር ተሞክሮ

ይህን ዲበገር፣ ማለትም የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያ መሣሪያ፣ ከገዛሁት አሥራ አንድ ወር ሞላው። ላይሰንሱ የሚታደስበት ቀን በመቃረቡ ልክፈል ወይስ ልተወው የሚለውን መወሰን ነበረብኝ፤ ለመወሰን ግን የአሥራ አንድ ወሩን ሥራ አንድ በአንድ መመዘን አላስፈለገኝም። ባለፈው ግንቦት ስክሪኑ ላይ ያሳየኝ አንድ ዜሮ ከሌላው ሁሉ በለጠብኝ። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ የምናገረው ስለ መሣሪያው ጠባይ ነው። ይህ ጠባይ በሌሎች ዲበገሮችም ውስጥ ሊኖር ስለሚችል አንባቢው የራሱን መሣሪያ እንዲፈትሽበት እፈልጋለሁ።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ባለች አነስተኛ ወርክሾፕ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ እንሠራለን። መቆጣጠሪያው ባለ 64 ኪሎባይት የኮርቴክስ ኤም 3 ማይክሮኮንትሮለር አለው፤ የጉድጓዱን የውሃ ደረጃ ከሴንሰር እያነበበ፣ ውሃው ሲጎድል ፓምፑ በደረቁ ሠርቶ እንዳይቃጠል ሞተሩን ያጠፋል። ፕሮግራሙን በሲ ቋንቋ ጽፈን በጂሲሲ ኮምፓይል እናደርጋለን፤ ማለትም ወደ ማሽኑ ቋንቋ እንቀይረዋለን። ለዓመታት የሠራሁት በሌላ ዲበገር፣ በጂዲቢ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ያለ፣ ነጻ፣ ነገር ግን ሁሉንም በጽሑፍ ትእዛዝ የሚጠይቅ መሣሪያ ነው። አዲሱን የገዛሁት አብረውኝ የሚሠሩት ሁለት ወጣቶች ሬጅስተሮቹን (በቺፑ ውስጥ ዋጋ የሚቀመጥባቸውን ትናንሽ ቦታዎች) በመስኮት እያዩ ቶሎ እንዲለምዱ ብዬ ነው። ዱባይ የሚኖር የአጎቴ ልጅ በካርዱ 340 ዶላር ከፈለልኝ፣ ላፕቶፑን ከማይክሮኮንትሮለሩ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮብም በሰው እጅ ላከልኝ። ማስታወቂያው «ድዋርፍ 5ን ሙሉ በሙሉ ይደግፋል» ይላል፤ ድዋርፍ ኮምፓይለሩ ለዲበገሩ የሚጽፈው መረጃ ቅርጽ ነው። በዕለት ተዕለት ሥራ የሚከፋ ነገር የለውም፤ ቶሎ ይነሣል፣ ብሬክፖይንት ላይ፣ ማለትም ቁም ባልሁት መስመር ላይ፣ በትክክል ይቆማል፣ ልጆቹም በሳምንት ውስጥ ለመዱት።

ግንቦት ላይ አንድ ደንበኛችን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የማንጎና የብርቱካን እርሻ ያላቸው ሐጂ፣ ፓምፑ በተነሣ በደቂቃ ውስጥ እየጠፋ እንዳስቸገራቸው ደውለው ነገሩኝ። በዚያ ሙቀት ለአንድ ሳምንት ውሃ ያላገኘ ችግኝ ምን እንደሚሆን የድሬ ሰው ያውቀዋል። በማግሥቱ ሄጄ፣ እዚያው ጉድጓዱ አፍ አጠገብ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ፕሮቡን ሰካሁና ሞተሩን የሚያጠፋው መስመር ላይ ብሬክፖይንት አኖርሁ። ፓምፑ ተነሣ። ከደቂቃ በኋላ ፕሮግራሙ ቆመ፣ የውሃውን ደረጃ ከሚይዘው ቫሪያብል ፊት ለፊትም 0 የሚል ቁጥር ወጣ።

ዜሮው የሚታመን ዜሮ ነበር። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያም ሆነ ቧንቧ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፣ በውሃ ውስጥ የሚዋል ሴንሰርም ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ ዜሮውን እንዳየሁ «ሴንሰሩ በኖራ ተሸፍኗል» ብዬ ደመደምሁ። ሐጂ ግን ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ወደ ጉድጓዱ ሰደው መልሰው አወጡትና የረጠበውን ክፍል በክንዳቸው እየለኩ አሳዩኝ።

«አቦ ልጄ፣ ውሃው እኮ ይኸው፤ ገመዱ እስከዚህ ድረስ ርሷል።»

«ሐጂ፣ ውሃውስ አለ፤ እሱን የማያየው ሴንሰሩ ነው» አልኋቸው።

ሴንሰሩን አውጥቼ በሆምጣጤ አጠብሁት፤ ያው ሆነ። በአዲስ ቀየርሁት፤ ያው ሆነ። ሁለተኛውንም አዲስ ሴንሰር ቀየርሁት፤ ስክሪኑ አሁንም 0 አለ። ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ፣ ዘጠኝ ቀን አለፈ፣ ሐጂም በእነዚያ ቀናት ውሃ በቦቴ እየገዙ ችግኛቸውን አጠጡ። ያንን ወጪ ያስወጣቸው በእኔ እጅ የነበረ መሣሪያ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያሳዝነኛል።

በዘጠነኛው ቀን ማታ ወርክሾፕ ተመልሼ ያንኑ ፕሮግራም፣ አንድ ባይት ሳልቀይር፣ በጂዲቢ ከፈትሁት። በዚያው አድራሻ ላይ አቁሜ የዚያኑ ቫሪያብል ዋጋ ጠየቅሁት። ጂዲቢ ቁጥር አልሰጠኝም። ዋጋው በኦፕቲማይዜሽን (ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ለማሳጠርና ለማፍጠን በሚያደርገው ለውጥ) ምክንያት እዚህ ቦታ ላይ እንደሌለ የሚገልጸውን የተለመደ መልሱን ጻፈልኝ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ሁለቱን ስክሪኖች አየሁ፤ በአንዱ ዜሮ፣ በሌላው «የለም»።

እዚህ ላይ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ማስረዳት አለብኝ። ኮምፓይለሩ ከፕሮግራሙ ጋር ድዋርፍ በሚባል ቅርጽ የዲበግ መረጃ ይጽፋል፤ ስሙ የፕሮግራሙ ፋይል ቅርጽ የሆነው የኤልፍ ባልንጀራ እንዲሆን የወጣለት ነው። በዚህ መረጃ ውስጥ አንድ ቫሪያብል የት እንደሚገኝ የሚናገር ዝርዝር አለ፤ «ከዚህ አድራሻ እስከዚያ አድራሻ ድረስ ሬጅስተር 4 ውስጥ ነው» እንደ ማለት ነው። ኦፕቲማይዜሽን ሲበራ ኮምፓይለሩ አንዱን ሬጅስተር ለብዙ ነገር እያፈራረቀ ስለሚጠቀምበት ዝርዝሩ ክፍተት ይኖረዋል። ክፍተቱ የመረጃው ጉድለት አይደለም፤ በዚያ ቦታ ዋጋው እንደማይገኝ የሚነገርበት ሕጋዊ መንገድ ነው። ዝርዝሩን በሪድኤልፍ፣ የኤልፍ ፋይልን ይዘት በሚያሳይ መሣሪያ፣ አውጥቼ ሳነበው የእኔ ቫሪያብል ሬጅስተር 4 ውስጥ የሚቆየው ለ22 ባይት ያህል መመሪያ ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ ብሬክፖይንቴ የነበረው ግን ከዚያ 6 ባይት አልፎ ነው። ከ22ቱ ባይት ውስጥ ቀድሜ ስቆም ዋጋው 412 ሴንቲሜትር ሆነ። የሐጂ ገመድ ትክክል ነበር።

እውነተኛው ስህተት የእኛው ነበር። በመጨረሻው እትም ላይ ያከልነው፣ የሞተሩን የሥራ ጊዜ በሚሊሰከንድ የሚቆጥረው ባለ 16 ቢት ቆጣሪ 65,535 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለስ ነበር፤ ይህም ከአንድ ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ ተኩል በኋላ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ስሌቱ ተዛብቶ ሞተሩን ያጠፋዋል። የአንድ መስመር ማስተካከያ በቃው።

ዜሮ ዋጋ ነው። «አላውቅም» ደግሞ ዋጋ አይደለም። ይህን ልዩነት ያልጠበቀ ዲበገር ከሌላው ዓይነት ስህተት ሁሉ የከፋውን ይሠራል፣ ምክንያቱም ሰው ወደ ዲበገር የሚሄደው የገዛ ግምቱን ማመን ሲያቅተው ነው። ዜሮው ሌሎቹ ትክክለኛ ቁጥሮች በተጻፉበት በዚያው ቀለምና በዚያው መስኮት መውጣቱ ያንን እምነት ነው የመታው።

ከዚያ በኋላ ይህ ዜሮ የአንድ ቦታ ስህተት ይሁን የመሣሪያው ልማድ ለማወቅ ወሰንሁ። መንገዱን ያገኘሁት ከጂዲቢ የራሱ መፈተሻዎች ነው። ከጂዲቢ ምንጭ ጋር አብሮ በሚመጣው የመፈተሻ ስብስብ ውስጥ ለድዋርፍ ብቻ የተለየ ማኅደር አለ፤ እዚያ ያሉት ብዙዎቹ ፈተናዎች የተጣመመና ያልተለመደ መረጃ ሆነ ብለው በእጅ ጽፈው ዲበገሩ ምን እንደሚል ያያሉ። ለዚህም በቲሲኤል ቋንቋ የተሠራ አነስተኛ መጻፊያ አላቸው፤ የተበላሸ መረጃ የሚያወጣ ኮምፓይለር እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። እኔ ቀለል ያለውን መረጥሁ። ኮምፓይለሩ አጭር ፋንክሽን በአሴምብሊ፣ ማለትም ሰው ሊያነበው በሚችል የማሽን ቋንቋ፣ እንዲያወጣልኝ አድርጌ የዲበግ መረጃውን መስመሮች በኤዲተር እየነካካሁ 23 ፋይል አዘጋጀሁ።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። «ዋጋው ሬጅስተር 4 ውስጥ ነው» የሚለው የድዋርፍ ትእዛዝ አንድ ባይት ብቻ ነው፤ በሄክሳዴሲማል 54 ተብሎ ይጻፋል። ይህን ባይት 02 አደረግሁት፤ 02 በድዋርፍ ውስጥ ትርጉም አልተሰጠውም። ጂዲቢ የማያውቀው ትእዛዝ እንደ ገጠመው ተናግሮ የባይቱን ቁጥር ጭምር ጠቅሶ ቆመ። የከፈልሁበት ዲበገር 0 አለ። እንደ ገና ከፍቼ ሞከርሁት፤ አሁንም 0።

ቀጥሎ በምሕጻር ሠንጠረዡ ውስጥ የሌለ ቁጥር የሚጠራ መረጃ ሰጠሁት። ድዋርፍ ቦታ ለመቆጠብ እያንዳንዱን መግለጫ በምሕጻር ቁጥር ስለሚያመለክት፣ ቁጥሩ ከሌለ ቀጣዩ ባይት ምን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ጂዲቢ ያልተገኘውን ቁጥር ጠርቶ ስህተቱን አሳወቀ። የእኔው መሣሪያ ምንም ሳይናገር የዚያን የሲ ፋይል መረጃ በሙሉ ጣለው፤ ፋይሉ ከነፋንክሽኖቹ ከዝርዝሩ ጠፋ። አዲስ ሠራተኛ ይህን ቢያይ ፋይሉን ኮምፓይል ማድረግ የረሳ ይመስለዋል።

ያልተበላሸ መረጃም ሰጠሁት። የፕሮግራሙን ክፍሎች አንድ ላይ የሚያያይዘው ሊንከር የማይጠሩ ፋንክሽኖችን ከፕሮግራሙ ሲያስወግድ የዲበግ መግለጫቸው ይቀራል፤ የጂኤንዩ ሊንከር አድራሻቸውን ዜሮ ያደርገዋል። ቦታ ቆጣቢ በሆነ የማይክሮኮንትሮለር ሥራ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። ጂዲቢ በፕሮግራሙ ውስጥ ዜሮ አድራሻ ላይ በእውነት የሚያርፍ ክፍል ከሌለ እንዲህ ያለውን መግለጫ ይተወዋል። ይኼኛው ግን በተወገደው ፋንክሽን ስም ብሬክፖይንት ስጠይቀው «ዜሮ አድራሻ ላይ ተተክሏል» ብሎ ተቀበለኝ። ብሬክፖይንቱ ሊደረስበት እንደማይችል አልነገረኝም።

ራሱን በራሱ የሚጠራ የዳታ ዓይነት ሲሰጠው ማብቂያ በሌለው ዙር ይጠመዳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተጠመደም፣ በሚገባ አለፈው። ማብቂያ በሌለው ተለዋዋጭ ርዝመት ቁጥር ላይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወድቆ ተዘጋ። በዚህ ቁጥር አጻጻፍ የእያንዳንዱ ባይት ሰባት ቢት ቁጥሩን ሲይዝ ስምንተኛው «ይቀጥላል» ማለት ነው፤ እኔም ሁሉም «ይቀጥላል» የሚሉ ባይቶች ደረደርሁለት። ስለዚህኛው ያን ያህል አላዝንም። የተዘጋ መሣሪያ እንደ ተዘጋ ይታያል፤ ማንም ሰው በእርሱ ምክንያት ጉድጓድ ውስጥ ሴንሰር አይቀይርም።

ጂዲቢም ቢሆን ስለ ትናንሽ ጉድለቶች ዝም ማለት ይወዳል። በመረጃው ላይ ያለውን ቅሬታ እንዲናገር ካልታዘዘ መነሻ ቅንብሩ ቅሬታን የማያሳይ ነው፤ ይህንን እኔ አልወደውም። ሆኖም በሞከርኋቸው 23 ፋይሎች ላይ የማያውቀውን ዋጋ በቁጥር አልተካም፤ ክርክሬ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሻጩ የሚለኝን አውቀዋለሁ፤ «ጌታዬ፣ የተበላሸ መረጃ ሰጥተውት የተበላሸ መልስ ቢያገኙ ጥፋቱ የዲበገሩ አይደለም» ይለኛል። እኔ የምመልስላቸው፣ የመጀመሪያው ዜሮ የወጣው ምንም ካልተበላሸ፣ ጂሲሲ በሥርዓቱ ከጻፈው መረጃ መሆኑን ነው። ድዋርፍ 5 እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ወጥቷል፣ ጂሲሲም ከ2021ዱ 11ኛ እትሙ ጀምሮ ያለ ትእዛዝ የሚጽፈው እርሱን ነው፤ የቦታ ዝርዝሩም በድዋርፍ 5 አዲስ ቅርጽና አዲስ ክፍል ተሰጥቶታል። «ሙሉ በሙሉ ይደግፋል» ብለው የሸጡልኝ ይህንኑ ነው። መረጃው በእውነት ቢበላሽ እንኳ፣ ከሌላ ሰው በተጠናቀቀ መልኩ የምንቀበለው ላይብረሪ በየትኛው ኮምፓይለር እንደተሠራ የመምረጥ ዕድል የለንም፤ የሚመጣውን ማንበብ የዲበገሩ ሥራ ነው፣ ማንበብ ካቃተውም መናገር።

«እንግዲያው ኦፕቲማይዜሽኑን አጥፍተው ይሥሩ» ሊሉኝም ይችላሉ። ይህንን በእርግጥም ብለውኛል። ክፍተቱን የሚያሳየውን ትንሽ ፋይል አያይዤ ስህተቱን ስጽፍላቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ የደረሰኝ መልስ ይኸው ነበር። ኦፕቲማይዜሽን ሲጠፋ ፕሮግራማችን 64 ኪሎባይት ውስጥ አይገባም። ቢገባም ጊዜ አጠባበቁ ይለወጣል፣ በሜዳ ያለው ፓምፕ የሚሠራውም በሌላኛው ፕሮግራም ነው። የታመመውን ትቼ ጤነኛውን እንድመረምር ነው የመከሩኝ።

ስለዚህ ላይሰንሱን አላድስም፤ በመግዛቴም ተጸጽቻለሁ። ፕሮቡ ጥሩ ነው፣ ፕሮብን ከጂዲቢ ጋር ከሚያገናኘው ከኦፕንኦሲዲ ጋር ተግባብቶ በጂዲቢ እየሠራሁበት ስለሆነ እርሱ ይቀራል። ልጆቹ መስኮቱን ስላጡ ሰሞኑን ቅር ብሏቸዋል፤ ሬጅስተሮቹን በትእዛዝ ማንበብ ከእኔ ጋር ቁጭ ብለው እየተለማመዱ ነው። ሐጂ የቀየርሁላቸውን የሁለቱን ሴንሰሮች ዋጋ ሊከፍሉኝ ቢሉም አልተቀበልሁም። ሃያ ሦስቱ ፋይሎች አንድ ፍላሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከእንግዲህ ማንኛውንም ዲበገር ሳልከፍል በሙከራ ጊዜው የማስነሣው በእነሱ ላይ ነው፣ መጀመሪያ የምከፍተውም ባለ ክፍተቱን ፋይል ነው።