ቨርቴብሮፕላስቲ ወይስ ካይፎፕላስቲ?

ሁለቱም የተጨፈለቀ የአከርካሪ አጥንትን በሲሚንቶ በመሙላት ሕመም ለማስታገስ የሚደረጉ ሕክምናዎች ናቸው። በሁለቱም ታካሚው በሆዱ ይተኛል፤ ሐኪሙ በኤክስሬይ እያየ ከጀርባ በኩል የተጨፈለቀው የአከርካሪ አጥንት ውስጥ መርፌ ያስገባል። የሚሞላውም ያው ፒኤምኤምኤ የሚባል የአጥንት ሲሚንቶ ነው።

በቨርቴብሮፕላስቲ ሲሚንቶው በግፊት በቀጥታ ይገባል። ከቀጠነ በስንጥቁ ሾልኮ ወደ ደም ሥር፣ አልፎም ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል እንደ ጥርስ ሳሙና እስኪወፍር ይጠበቃል። ካይፎፕላስቲ አስቀድሞ በፈሳሽ የሚነፋ ፊኛ ያስገባል፤ ፊኛው የፈጠረው ክፍተት በዝቅተኛ ግፊት በሲሚንቶ ስለሚሞላ የመፍሰስ ዕድሉ ይቀንሳል፣ አጥንቱም በመጠኑ ቀና ይላል። ዋጋው ግን ይወደዳል፤ ሕመም በማስታገስም ብዙ አይበላለጡም።

በ2009 እ.ኤ.አ. የታተሙ ሁለት ጥናቶች ቨርቴብሮፕላስቲን ከማስመሰያ ሕክምና (ሲሚንቶ ሳይገባ እንደተሠራ ከሚመስል) የተሻለ ሆኖ አላገኙትም። ኤምአርአይ ላይ በአጥንቱ ውስጥ እብጠት (የፈሳሽ መቋጠር) የማይታይበትን አሮጌ ስብራት መሙላት ደግሞ፣ በየትኛውም መንገድ ቢሆን፣ ትርፉ ድካም ነው።