የኤሊዎቻችንን ሐኪም ላመስግን፣ ለምትፈልጓቸውም ልጠቁም

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ገላንና ዱከም ባለው መስመር ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያክሙ አንዲት የእንስሳት ሐኪም አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልወደዱ እዚህ አልጽፈውም፤ ሥራቸውን ሳልናገር ባልፍ ግን ንፉግነት ይሆንብኛል። ላሙ የታመመችበት፣ በጉ የተነፋበት የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። እኔ የማመሰግናቸው ብዙ ባለሙያ «ይህማ የእኛ ሥራ አይደለም» ብሎ በሚመልሰው ጉዳይ ነው፤ በኤሊ።

ግቢያችን ውስጥ ከአባቴ የወረስናቸው ሦስት ኤሊዎች አሉ። በስምጥ ሸለቆና በደቡብ ቆላ የሚገኘው፣ ቅርፊቱ የነብር ቆዳ የሚመስለው ዝርያ ናቸው። ልጆቹ ወንዱን ሻምበል፣ ትልቋን ሴት እማሆይ፣ ትንሿን ዳማ ይሏቸዋል። ባለፈው ግንቦት ወደ ውጭ አገር የሄዱ ወዳጆቻችን ኤሊያቸውን ለእኛ አደራ ሰጡን። ከ50 ዓመት በላይ ልትኖር የምትችል ፍጡር አደራ ስትሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። ነባሮቹን ሳናሳምም፣ አዲሷንም ሳናስጨንቅ እንዴት እናቀላቅላቸው ብዬ ሐኪሟ ዘንድ ደወልሁ።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ጤናዋ አልነበረም፤ «ፈቃድ አላት?» አሉኝ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን እንደሚከለክል አስረድተው፣ ከቆላ ተለቅሞ ለሽያጭ የመጣ ኤሊ ከሆነ ወደ ኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን እንድንወስደው እንጂ ሊያላምዱልን እንደማይመጡ በግልጽ ነገሩኝ። የፈቃዱ ጉዳይ ከባለሥልጣኑ ጋር ተጨርሶ ስለነበር ወረቀቱን አሳየኋቸው። ገቢ የሚያስቀርባቸውን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድመው በመጠየቃቸው እምነቴን የጣልሁባቸው ያን ዕለት ነው።

አዲሴን (ስሙን ያወጡት ልጆቹ ናቸው) ሲያዩአት ዓይኗን፣ የአፍንጫዋን ቀዳዳና ምላሷን መረመሩ። አፍንጫዋ ላይ አረፋ፣ ትንፋሿ ላይ ሲርታ አልነበረም። «ጤነኛ መምሰልና ጤነኛ መሆን ይለያያሉ» አሉን። ማይኮፕላዝማ የተባለው ባክቴሪያና ሄርፒስ ቫይረስ በኤሊ አካል ውስጥ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ፣ ቢያንስ ሦስት ወር፣ ቢቻል እስከ ስድስት ወር በለይቶ ማቆያ እንድትቆይ አዘዙ። ቤቷም ሆነ የውሃ ሳህኗ የብቻዋ ይሁን፤ በየቀኑ መጀመሪያ ነባሮቹ፣ በመጨረሻ እሷ ትጽዳ፤ ከዚያም እጅ በሳሙና ይታጠብ። ኤሊ ሳልሞኔላ የተባለውን የተቅማጥ ባክቴሪያ ወደ ሰው፣ በተለይም ወደ ሕፃናት ልታስተላልፍ ስለምትችል የመጨረሻውን ትእዛዝ ለልጆቹ ራሳቸው ደጋግመው ነገሯቸው።

ክረምቱ ሌላ ፈተና ነበር። ይህ ዝርያ የቆላ ነው፤ ሰፈራችን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ያልፋል። ክረምቱን ተኝቶ የሚያሳልፍ ዓይነትም አይደለም፤ ብርድና እርጥበት ከተባበሩበት ሳንባውን ይመቱታል። ሐኪሟ የጫጩት አርቢዎች የሚጠቀሙበትን የማሞቂያ አምፖል ከፍ አድርገው አሰቀሉን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልተን፣ በጆንያ ጠቅልለን ከቤቷ ጥግ እንድናስቀምጥ አሳዩን። ብዙ ሌሊት ያደረችው በዚያ ሙቀት ነው።

አሁን ሁላችሁም እንድትሰሙት የምፈልገው ነገር ላይ ደረስሁ። አዲሴን ለብ ባለ ውሃ፣ አገጯ እንዳይጠልቅ አድርገን፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ዘፈዘፍናት። ኤሊ በዚያን ጊዜ ውሃ ትጠጣለች፣ ዓይነ ምድሯንም ትጥላለች። ሐኪሟ ናሙናውን ወስደው፣ ጨው እስኪጠግብ በሟሟበት ውሃ በጥብጠው በትንሽ ብልቃጥ አፍ እስከ አፍ ሞሉት፤ በላዩ ስስ መስታወት ከደኑበት። የትል እንቁላሎች ከጨው ውሃው ስለሚቀሉ ተንሳፍፈው መስታወቱ ላይ ይጣበቃሉ። ከዚያ ልጄን ጠርተው በማይክሮስኮፑ አሳዩት፤ በአንድ ጎናቸው ጠፍጠፍ ያሉ ሞላላ እንቁላሎች። ጥቂት ቢሆኑ እንደማይጎዱ፣ እነዚህ ግን በዝተው እንደተገኙ አስረዱን።

የትሉን ወሬ የሰማ አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ለበግና ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን «መጠኑን ቀንሳችሁ ውጓት» ብሎ ሊሸጥልን ተዘጋጅቶ ነበር። ለሐኪሟ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። አይቨርሜክቲን ለከብት መልካም መድኃኒት ቢሆንም ኤሊን ሽባ አድርጎ ትንፋሿን ያቆማል፤ መጠኑን መቀነስ መፍትሔ አይደለም። እሳቸው አዲሴን መዝነው፣ በክብደቷ ልክ ፌንቤንዳዞል የተባለውን የትል መድኃኒት በአፏ ሰጧት። በሕክምና ካርዷ አናት ላይም በቀይ ብዕር «አይቨርሜክቲን በፍጹም አይሰጥም» ብለው ጻፉ። ኤሊ ያላችሁ ሰዎች ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፏት ደስ ይለኛል። በድጋሚ ሲመረመር ዓይነ ምድሯ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

የመቀላቀሉ ቀን ከመስቀል በኋላ፣ ፀሐይ ሲበረታ ሆነ። የጅራቷን ርዝመትና የሆዷን ቅርፊት አይተው ሴት መሆኗን ቀድመው አረጋግጠው ነበር፤ ወንድ ጅራቱ ረዘም ያለ፣ የሆዱ ቅርፊትም ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው። ወንድ ብትሆን ኖሮ ግቢውን በግንብ ክፈሉት ሊሉን ነበር። በዋዜማው የግቢውን መልክ እንድንቀይር አደረጉን፤ ድንጋዮቹ ቦታ ለወጡ፣ መጠለያዎቹ ዞሩ፣ የሣር ክምርና የእንሰት ተክል በመሃል ገብተው እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚከልሉ ሆኑ። ሻምበል ማለዳ ሲወጣ «የእኔ» የሚለው ጥግ ጠፋው። ምግቡም ከኤሊዎቹ ቁጥር በበለጡ ቦታዎች ተበተነ።

ሻምበል አንገቱን ሰግጎ አዲሴን አሸተታት፤ ወደኋላ አፈገፈገና በአገጩ ሥር በወጣው ቅርፊት ገፋት። ድምፁ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ የሚሰማው ነው። ላነሳት ስጎነበስ ሐኪሟ ክንዴን ያዙኝ፤ «ይቆዩ፣ እስካሁን ትውውቅ ነው»። አዲሴ ዞር ብላ ከእንሰቱ ሥር ገባች፤ እሱ ግን ተከትሎ ከግድግዳ ጋር አጣበቃትና የቅርፊቱን ጠርዝ ከሥሯ አስገብቶ ሊገለብጣት ሞከረ። በዚህ ጊዜ እሳቸው ራሳቸው ብድግ አድርገው አነሱት። የተገለበጠች ኤሊ ፀሐይ ላይ ከቆየች ትሞታለች። ወደ ለይቶ ማቆያው የገባውም ሻምበል እንጂ አዲሴ አይደለችም። እሷ ከግቢው ጋር ስትለማመድ እሱ ከውጭ ቆየ፤ ሲመለስ አዲስ ገቢው እሱ ሆነ፣ ጉልበቱም በረደ። ይህን ብልሃት ለማንም በግና ፍየል ለሚያቀላቅል ሰው እነግረዋለሁ።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማሩን ግን ዝም ብሎ ስለሚፈጸም በደል ነው። ኤሊ በባሕርይዋ ብቸኛ ናት፤ ጓደኛ አምጡልኝ አትልም። እማሆይ አንድም ጊዜ አልገፋችም፤ ነገር ግን የአዲሴ መጠለያ በር ላይ ተጋድማ ትውል ነበር። ለዓይን ሰላም ይመስላል። ሐኪሟ «ዓይናችሁን ሳይሆን ሚዛኑን እመኑ» ብለው በየሳምንቱ አራቱንም እንድንመዝን አደረጉ። የአዲሴ ክብደት መቀነስ የጀመረ ጊዜ ሁለተኛ በር ያለው መጠለያ እንድንሠራላት ነገሩን፤ ከዚያ ወዲህ ክብደቷ ተመልሷል።

ስለ ምግብም ብዙ አስተካክለውልናል። ሰርዶና የጤፍ ጭድ ዋናው ይሁን፤ ቆስጣ ካልሲየምን ስለሚይዝባቸው አይዘውተር፤ እንጀራና ዳቦ አይቅረብ። የበለስ ቅጠል እሾሁ ተጠርጎ መልካም ነው፤ ወተታማው ቁልቋል ግን መርዝ ስለሆነ ከአጥር ሥር የበቀለውን ሁሉ አስነቀሉን።

ዋጋቸው ከመጀመሪያው የተነገረ ነው፤ በመሃል አይጨምርም። መምጣት የማያስፈልግ ከሆነ «ቪዲዮውን በቴሌግራም ላኩልኝ» ይላሉ እንጂ ለጉብኝት ገንዘብ አይጠይቁም። የማያውቁት ነገር ሲገጥማቸው ቢሾፍቱ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ያሉ መምህሮቻቸውን ደውለው ይጠይቃሉ፤ ይህንንም ፊት ለፊታችን ያደርጉታል። ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። አባቴ ቢኖር ቡና አፍልቶ ነበር የሚሸኝዎ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ረፋዱን በከብት ሕክምና ስለሚውሉ ከሰዓት በኋላ መደወል ይሻላል። ስትደውሉ የእንስሳውን ክብደት፣ ከየት እንደመጣና የፈቃዱን ወረቀት አዘጋጁ፤ ለኤሊ ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን የተጣለ ዓይነ ምድር በንጹሕ ብልቃጥ ይዛችሁ ጠብቋቸው።