«ኮር አይ 7፣ 16 ጊጋ ራም፣ 4 ጊጋ ግራፊክስ» የሚለውን ጌሚንግ ፒሲ ከመግዛታችሁ በፊት

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ቴሌግራም ላይ የሚዘዋወረውን ማስታወቂያ ሳታዩት አትቀሩም። ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ ኬዝ። ከሥሩ ደግሞ «ኮር አይ 7፣ 16 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ 4 ጊጋ ግራፊክስ፣ ለጌምም ለትምህርትም፣ ጥቂት ፍሬ ነው የቀረው» ይላል። የእህቴ ልጅ ይህንኑ ገዝቶ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው፤ ኦቶካድም (የምህንድስና ሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም) ይሠራበታል፣ ማታ ማታ ጌምም ይጫወትበታል ተብሎ እናቱ ናት የከፈለችው። ዋጋውን አልጽፍም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዕቃ ዋጋ የሚቀያየረው በየሳምንቱ ነው፤ የዛሬው ቁጥር ነገ ያሳስታችኋል። ማሽኑ ሲከፈት ውስጡ የተገኘውን ግን እነግራችኋለሁ። አንዱ ዕቃ ፎርጅድ ነው። የሌሎቹ ችግር በአብዛኛው ሌላ ነው፤ የተጻፈው ቁጥር ልክ ሆኖ የተገዛው ዕቃ ግን እዚህ ግባ የማይባል።

ከፕሮሰሰሩ ልጀምር። «አይ 7» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ኢንቴል ይህን ስም ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲጠቀምበት ኖሯል። የልጁ አይ 7 2600 ነው፣ በ2011 የወጣ፤ ባለ አራት ኮር (ሥራውን የሚሠሩት ክፍሎች) እና ስምንት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚይዛቸው ሥራዎች)። በ2022 የወጣው «ትንሹ» አይ 3 12100 በኮርም በትሬድም ከሱ ጋር እኩል ነው፣ በፍጥነት ግን ጥሎት ይሄዳል። ከስሙ በኋላ የሚመጣውን ቁጥር እዩ፤ 2600 ካለ ሁለተኛ ትውልድ፣ 8700 ካለ ስምንተኛ፣ 12100 ካለ አሥራ ሁለተኛ ነው። ሻጩ ሙሉ ቁጥሩን ሲጠየቅ «አይ 7 ነው አልኩህ እኮ» ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ይህ ለተማሪ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በጓሮ በር ዊንዶውስ 11 ጭነው የሚያስረክቡ አሉ። ያ ልጅ ቫሎራንት ልጫወት ሲል ግን ጌሙ በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉ የደኅንነት መጠበቂያዎችን ይጠይቀዋል፤ የ2011 ማዘርቦርድ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ከየት ያመጣል? «በኋላ ፕሮሰሰሩን ብቻ ታሳድገዋለህ» የሚለውም ባዶ ተስፋ ነው፤ ያ ማዘርቦርድ ከሦስተኛ ትውልድ ወዲያ አይቀበልም። ራሙም እንደዚያው። 16 ጊጋ መሆኑ እውነት ነው፣ ግን ዲዲአር 3 የሚባለው የቆየ ዓይነት ስለሆነ አዲስ ማዘርቦርድ ስትገዙ አብሯችሁ አይሄድም፤ እንደገና ትገዛላችሁ።

አሁን ግራፊክስ ካርዱ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ሳጥኑ ላይ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ ይላል። ዊንዶውስ ውስጥ ገብታችሁ ስታዩም ስሙ ያው ነው፣ ሚሞሪው ያው 4 ጊጋ ነው። ልጁ ጌም ሲከፍት ለጥቂት ደቂቃ ይሄድና ስክሪኑ በባለ ቀለም መስመሮች ተሞልቶ ቀጥ ይላል። ኦቶካድ ላይ ግን ደህና ነው፤ ስለዚህ እናቱ «ጌም ስላበዛህበት ነው» ትለዋለች። ካርዱን አወጣነው። መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ከኋላው ያለው ሰማያዊ ቪጂኤ ሶኬት ነው፤ ያ ባለ 15 ቀዳዳው፣ በሁለት ብሎን የሚታሰረው። የ1050 ቲአይ ቺፕ የቪጂኤን አናሎግ ምልክት ራሱ አያወጣም፤ በኤችዲኤምአይ፣ በዲስፕሌይ ፖርትና በዲጂታል ዲቪአይ ነው የሚሠራው። ማራገቢያውን ፈትተን የደረቀውን ፔስት በአልኮል ስንጠርገው ቺፑ ላይ ጂኤፍ 116 የሚል ጽሑፍ ወጣ። ትክክለኛው 1050 ቲአይ ጂፒ 107 ነው የሚለው። ጂኤፍ 116 በ2011 የወጣው ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ላይ የነበረ ቺፕ ነው። ያኛው 768 ኮር አለው፣ ይኼኛው 192።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የአሮጌውን ካርድ ባዮስ (ካርዱ ውስጥ ያለ፣ ማንነቱን የሚናገር ፕሮግራም) ይለውጡና ለዊንዶውስ የውሸት ስም እንዲነግረው ያደርጉታል። ሚሞሪውም 4 ጊጋ ነኝ እንዲል ያስተምሩታል፤ በተግባር ያለው ግን 1 ጊጋ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጌሙ ከዚያ በላይ ሲጠይቅ ካርዱ የሌለውን ሚሞሪ ሊሰጥ ይሞክራል፣ ስክሪኑ ይበላሻል። ትክክለኛውን ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያሠራበትን ፕሮግራም) ከቺፑ ሠሪ ከኤንቪዲያ አውርዳችሁ ልትጭኑ ስትሉም አይሆንም፤ ኩባንያው ለዚያ ትውልድ አዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣት ያቆመው በ2018 ነው። ሻጮቹ «ድራይቨሩን እንዳትነካው፣ ዊንዶውስም አፕዴት አታድርግ» የሚሉት ለዚህ ነው። ይህን ምክር ከሻጭ አፍ ከሰማችሁ ዕቃውን አስቀምጣችሁ ውጡ።

መድኃኒቱ ነጻ ነው። ጂፒዩ ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። ከ2018 ወዲህ ያለው ቨርዥን እንዲህ ያሉ የተለወጡ የኤንቪዲያ ካርዶችን ሲያገኝ ስማቸው ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፋል። የእህቴ ልጅ ካርድ ላይም ጽፎታል። ፕሮግራሙን ከፍቶ ለማንበብ የሚፈጀው ጊዜ ከሻጩ ጋር ዋጋ ከምትከራከሩበት ያንሳል።

ፎርጅድ ያልሆኑት ካርዶች ላይም ወጥመድ አለ። «4 ጊጋ ግራፊክስ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ጂቲ 730 ነው። 4 ጊጋው እውነት ነው፤ ግን ቀርፋፋ ዲዲአር 3 ስለሆነ ለጌም የሚሆን አቅም የለውም። አርኤክስ 580 ሲሏችሁም «2048 ኤስፒ ነው ወይስ 2304?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቁጥሩ የኮር ብዛት ነው። የመጀመሪያው ለቻይና ገበያ የወጣ ሲሆን በኮር ብዛቱ ከታናሹ ከአርኤክስ 570 ጋር እኩል ነው፤ በ580 ዋጋ መግዛት የለባችሁም። ትክክለኛ 1050 ቲአይ ብታገኙ እንኳ ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ የሚሰጠውን አዲስ የጌም ድራይቨር ከኦክቶበር 2025 ወዲህ አቁሟል። የሚቀጥለው የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው።

ለማሽኑ ኃይል የሚሰጠውን ፓወር ሰፕላይ ማንም አያየውም። ኬዙ ውስጥ ተደብቆ ስለሚቀመጥ ሻጩም ርካሹን ይመርጣል። የልጁ ላይ በትልቁ 500 ዋት ይላል። ከሥሩ በደቃቅ የተጻፈውን ሰንጠረዥ አንብቡ፤ +12 ቮልት የሚለው ቦታ 16 አምፔር ነበር የተጻፈው። 12 በ16 ስታበዙት 192 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚመገቡት ከዚሁ ከ12 ቮልቱ ነው፤ ስለዚህ ያ ዕቃ ባለ 500 ሳይሆን ባለ 192 ነው። በእጃችሁ ስታነሱት እንደ ባዶ ቆርቆሮ ከቀለለም ጥሩ ምልክት አይደለም። ሌላም አለ፤ ርካሾቹ ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ አላቸው። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ማብሪያው 115 ላይ እንዳለ ሶኬት ላይ የሰካ ሰው የሚሰማው «ጧ!» የሚል ድምፅ ነው፤ ሻጩም «አንተ ነህ ያቃጠልከው» ይላል። ሳትሰኩት እዩት። መብራቱ በሚሄድበትና በሚመጣበት አገር ፓወር ሰፕላይ ላይ የምትቆጥቡት ብር ማዘርቦርዱን ይዞባችሁ ይሄዳል።

ስለ ሃርድ ዲስኩ ብዙ አልልም። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያል። ዓመት ሙሉ ያለማቋረጥ የበራ ዲስክ 8,760 ሰዓት ይቆጥራል። «ስላይትሊ ዩዝድ» የተባለ ዲስክ ላይ 30,000 ካያችሁ፣ ከሦስት ዓመት በላይ ቀን ከሌት የሠራ ነው።

ከቢሮ የወጡ ትናንሽ ዴል እና ኤችፒ ማሽኖችን «ግራፊክስ ካርድ ጨምርበትና ጌሚንግ ይሆናል» ብለው የሚሸጡም አሉ። ለትምህርት ብቻ ከሆነ መጥፎ አይደሉም፣ እኔም ለሰው እመክራቸዋለሁ። ለጌም ግን ቀጭኑን ዓይነት አትግዙ። ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ቀጭኑ ፓወር ሰፕላዩ 240 ዋት ነው፣ ኬዙም ግማሽ ቁመት ያለው ካርድ ካልሆነ አያስገባም።

ልጁና እናቱ ዕቃውን ይዘው ተመለሱ። ባለሱቁ «ሲወስደው ይሠራ ነበር» አለ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ኮምፒውተር፣ 1» ብቻ ነው። የትኛው ካርድ፣ የትኛው ፕሮሰሰር፣ ሴሪያሉ ስንት፣ ምንም የለም። በመጨረሻ «ብር ጨምሩና በሌላ ልቀይርላችሁ» አላቸው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። ግን ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ይዞ መከራከር ከባድ ነው። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ ልቀንስልህ» ሲሏችሁ የሚቀነሰው የእናንተ ማስረጃ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ከነሙሉ ስሙና ሴሪያሉ ይጻፍ፣ የዋስትናው ጊዜም እንዲሁ፣ ማኅተም ይደረግበት። መርካቶም ሆነ መገናኛ ይህን ያለማንገራገር የሚያደርጉ ነጋዴዎች አሉ፤ ሌላው ሲያንገራግር ወደነሱ ሂዱ።

ደግሞ «መብራት ስለሌለ ቤት ወስደህ ሞክረው፣ ካልሠራ እቀይርልሃለሁ» የሚባል አለ። መብራት በእርግጥ ሊጠፋ ይችላል። እንግዲያው ነገ ትመጣላችሁ፤ ቀብድም አትተዉ። ሲመጣ ጂፒዩ ዚ፣ ሲፒዩ ዚ (ፕሮሰሰሩንና ራሙን የሚያሳየው) እና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን አንድ በአንድ ከፍታችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ፈርማርክን (ግራፊክስ ካርዱን በኃይል እያሠራ የሚፈትን ፕሮግራም) ሩብ ሰዓት ያህል አስነሡት። ሻጩ ይህን ከከለከለ ከእናንተ በላይ ዕቃውን ያውቀዋል ማለት ነው።

«ታዲያ ምን እንግዛ?» ለምትሉ፣ ለተማሪ እኔ የምመርጠው ግራፊክስ ካርድ ሳይገዙ መጀመርን ነው። ራይዘን 5 5600ጂ የሚባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ስድስት ኮር አለው፣ ግራፊክሱ ውስጡ ነው፣ ዊንዶውስ 11ንም ያለ ማጭበርበር ይቀበላል። ኦቶካድና ፕሮግራሚንግ ይችላል፤ ጂቲኤ 5ን የመሰለ ጌምም ሴቲንጉን ዝቅ አድርጎ ያጫውታል። ራሙን ባለ 8 ጊጋ ሁለት ፍሬ አድርጉት፣ ባለ 16 አንድ ፍሬ አይሁን፤ ውስጡ ያለው ግራፊክስ የሚበላው ከራሙ ስለሆነ በሁለት መንገድ ሲመጣለት ፍጥነቱ በግልጽ ይለያል። ፓወር ሰፕላዩን ግን ካሁኑ ደህና ግዙ፣ በኋላ ካርድ ስትጨምሩ ያገለግላችኋል። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ፕሮሰሰርና ራም ኪስ ውስጥ የሚገቡ ናቸው፤ ኬዝና ፓወር ሰፕላይ እዚሁ ይገዛል።

ስትገዙ ፊደሏን እንዳትስቱ። 5600 ያለ «ጂ» ከሆነ ውስጡ ግራፊክስ የለውም፣ 5500ም የለውም። የኢንቴሉ 12100ኤፍም «ኤፍ» ስላለበት እንደዚያው ነው። ዘመድ ካስመጣችሁ በኋላ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቢቀር መመለሻም የለውም።

ፎርጅዱን ካርድ የገዛችሁ ካላችሁ ሰው ላይ መልሳችሁ አትሽጡት። ልጁ ያደረገው ካርዱን አውጥቶ ኬብሉን ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት ነው። አይ 7 2600 ውስጡ ትንሽ ግራፊክስ ስላለው ለዎርድ፣ ለፒዲኤፍና ለቀለል ያለ ሥዕል ይሠራል። የጂፒዩ ዚውን ፎቶ፣ የማስታወቂያውን ስክሪንሾትና ደረሰኙን አንድ ላይ አስቀምጡ። ማስታወቂያውን ሻጩ ከቻናሉ ሳያጠፋው ዛሬውኑ ስክሪንሾት አድርጉት።