ኤአር9271 የዩኤስቢ ዋይፋይ ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ፦ ከክረምት ጀምሮ ተጠቅሜበት ያየሁት

ኤአር9271 (AR9271) የሚባል ቺፕ ያለውን ይህን ባለ አንቴና የዩኤስቢ ዋይፋይ የገዛሁት ክረምት ላይ ነው። ይኸው ፋሲካም አለፈ፤ እስካሁን አንድም ቀን «የዋይፋይ ካርድ አልተገኘም» ብሎኝ አያውቅም። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ሰዎች ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ያስመረረኝ ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ካርድ ነው። ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ጋር አብሮ አይመጣም። ለብቻው ወርዶ ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና መገንባት አለበት፤ ያ ካልተሳካ ኡቡንቱ ራሱን አዘምኖ ላፕቶፑን ስከፍት የዋይፋዩ ምልክት ድራሹ ይጠፋል። ድራይቨሩን ለመመለስ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱ የሚመጣው በዚያው በማይሠራው ካርድ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚያወጣው ስልክ ነው። በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙትና ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን አብሩ፤ ሊኑክስ ወዲያው ይቀበለዋል። ዳታችሁን ግን ይበላዋል።

ኤአር9271 ይህ ጣጣ የለበትም። ድራይቨሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2010 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ አለ፣ ቺፑ ላይ የሚጫነው ፈርምዌር (ቺፑ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም) እንኳ ኮዱ ክፍት ነው። ሰካሁት፣ የአካባቢው ዋይፋዮች ተዘረዘሩ፣ ፓስወርድ አስገባሁ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ከርነሉ ስንት ጊዜ ሲቀያየር እሱ ንቅንቅ አላለም።

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። ራውተሩ ያለው አከራዬ ሳሎን ሲሆን በመሃላችን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አለ። መጀመሪያ ሰሞን ሃርድ ዲስክ ሰክቼ ፋይል መገልበጥ ስጀምር ዋይፋዩ ይሞታል፣ ሃርድ ዲስኩን ስነቅለው ነፍስ ይዘራል። ለካ ዩኤስቢ 3 ሲሠራ የሚረጨው የራዲዮ ረብሻ ዋይፋዩ የሚሠራበት 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ያርፋል፤ ኢንቴል ራሱ በ2012 (በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በዚሁ ጉዳይ ላይ ሰነድ አውጥቷል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ፒያሳ ወርጄ አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ገዛሁና ዋይፋዩን ከሃርድ ዲስኩ አርቄ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት፣ አንቴናውንም ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። ከ-70ዎቹ የማይወጣው ሲግናል ወደ -50ዎቹ መጣ፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ጠንካራ ነው። አሁን የፈለግኩትን ብገለብጥ አይቆራረጥም። መብራት ሄዶ ሲመጣም ራውተሩ እንደተነሳ ራሱ ይገናኛል።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። 5 ጊጋኸርዝ አያውቅም። ከፍተኛ ፍጥነቱ ወረቀት ላይ 150 ሜጋቢት ነው፣ በተግባር ከዚያ በጣም ያንሳል። የቤቴ መስመር ራሱ ያን ያህል ስለማይሄድ እኔን አልጎዳኝም፤ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ትልልቅ ፋይል በዋይፋይ ለሚያመላልስ ሰው ግን አይሆንም። 5 ጊጋኸርዝ የግድ ከሆነባችሁ ኤምቲ7612ዩ (MT7612U) የሚባለውን ቺፕ ፈልጉ፣ የእሱም ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ አለ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ያላችሁን ካርድ ፈትሹት። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ አርኤፍኪል ሊስት (rfkill list) ብላችሁ ስትጽፉ ብሎክ መደረጉን ካሳያችሁ ካርዱ ደኅና ነው፣ መክፈት ብቻ ነው። እየቆየ የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ የኔትወርክ ማናጀሩን የፓወርሴቭ (የኃይል ቁጠባ) ፋይል ክፈቱና ቁጠባው እንዲጠፋ 3 የሚለውን 2 አድርጉት፤ ለብዙ ካርዶች ይህ ይበቃል።

የግድ የምትገዙ ከሆነ ካርቶኑ ላይ ያለውን የሞዴል ስም ብቻ አትመኑ። ለምሳሌ የቲፒ ሊንክ ደብሊውኤን722ኤን (WN722N) የመጀመሪያው ሥሪት ኤአር9271 ነው፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ስሙ ሳይቀየር ቺፑ ሌላ ሆኗል። ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሱቁ ሂዱ። እዚያው ሰክታችሁ ተርሚናል ላይ ኤልኤስዩኤስቢ (lsusb) ብላችሁ ጻፉ፣ 9271 የሚል ካላያችሁ አትክፈሉ።