ሦስት ሳምንት ወይስ ሁለት ዓመት? ለማስተማር ወደ ኢትዮጵያ ለሚመጡ በጎ ፈቃደኞች

ከውጭ አገር መጥቶ የኢትዮጵያን ሕፃናት በበጎ ፈቃድ ለማስተማር የሚሻ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ በዕረፍቱ ለጥቂት ሳምንታት መምጣት ወይም በጎ ፈቃደኞችን ወደ ሌሎች አገሮች እንደሚልከው የአሜሪካ መንግሥት ድርጅት፣ እንደ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) አባላት ዓመታትን መስጠት።

አጭሩ ጉዞ ገና ከጅምሩ ከቀን መቁጠሪያ ጋር ይጋጫል። አውሮፓና አሜሪካ ያለ መምህር ወይም ተማሪ ረጅም ዕረፍት የሚያገኘው በክረምታችን ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የእኛ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት ወቅት ነው። በሌላ ወር ቢመጣም ችግሩ አይፈታም። የመጀመሪያ ክፍሎች ልጆች በአብዛኛው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ስለሚማሩ፣ እንግዳው ሰሌዳው ፊት ቆሞ የእንግሊዝኛ ፊደላትን ከማስዘመር ብዙም አያልፍም። ልጆቹ ይወዱታል፣ እጁን ይዘው አይለቁትም፤ እሱ ግን ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ ሌላም ይተካል። ሕፃናትን በየጊዜው ማላመድና መለየት ቀላል ነገር አይደለም።

የሰላም ጓድ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ አብዛኞቹ አባላቱ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሆኑ። አሠራሩ ሦስት ወር ያህል ቋንቋና ባህል ተምሮ ሁለት ዓመት ማገልገል ነው። አንደኛው ዓመት በመላመድ ቢያልፍ እንኳ ሁለተኛው ይተርፋል፤ ፈቃደኛው ፈተና ያርማል፣ ከአገሩ መምህር ጋር ተቀምጦ የሳምንቱን ትምህርት ያቅዳል። እኔ ያለማመንታት ይህን እመርጣለሁ።

ሁለት ዓመት መስጠት የማይችል ሰው የአውሮፕላን ትኬቱን ገንዘብ ለመጻሕፍት ቢያውለው ይሻላል፤ የትኞቹ እንደሚገዙ የሚወስኑት ግን የትምህርት ቤቱ ወላጆችና መምህራን ይሁኑ።